ሳይጠሩት አቤት የሚል ማስታወቂያ

በኢንተርኔት የጨዋታ ገጾች ላይ በድንገት የሚከፈቱ መስኮቶች ደምበኛን እንዴት እንዳራቁ

በንግድ ሥራ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ ለመታወቅ እጅግ የሚያስቸግረው፣ ደምበኛ ምንም ሳይናገር ትቶ የሚሄድበት ኪሣራ ነው። ዕቃ ቢሰበር ስባሪው ይታያል፤ ገንዘብ ቢጐድል የሒሳቡ መዝገብ ይናገራል። የተቀየመ ደምበኛ ግን ምክንያቱን ሳይገልጥ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል፤ ባለሱቁም ገበያው ቀዘቀዘ እያለ በወቅቱ ላይ ያመካኛል። በኢንተርኔት አማካይነት ጨዋታ በሚያቀርቡ ገጾች ላይ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያህል የደረሰው ነገር ለዚህ ዓይነቱ ኪሣራ የታወቀ ምሳሌ ስለሆነ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የቀን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ አሳቡን ለማሳረፍ ዳማ ወይም ካርታ ወይም የቃላት ጨዋታ የሚገኝበትን ገጽ ይከፍታል። ለጨዋታው ገንዘብ አይጠየቅም። ጠጠሩን ለማንቀሳቀስ እጁን በዘረጋበት ቅጽበት ግን፣ ያልጠራው ሌላ መስኮት ከፊቱ ድቅን ይላል። መስኮቱን ለመዝጋት የመዝጊያውን ምልክት ቢፈልግ፣ ከጤፍ ቅንጣት አንሳ ከአንድ ጥግ ተሸሽጋ ያገኛታል፤ እርስዋን ነካሁ ሲል ማስታወቂያውን ይነካና ወደማያውቀው ገጽ ይወሰዳል። ተመልሶ ሲመጣ ጨዋታው ተበላሽቶ ይቈየዋል። አንድ ጊዜ ሲደርስበት ይታገሣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስበት ይቈጣል፤ በሦስተኛው ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። ቅሬታውን ለማሰማት ደብዳቤ አይጽፍም፤ ዳግመኛም አይመለስም።

ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ «ፖፕ አፕ» ይባላል፤ በአማርኛ «ብቅ ባይ ማስታወቂያ» ተብሎ ይታወቃል። አበው ስለ ደፋር እንግዳ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብለው የተናገሩት ቃል የዚህን ማስታወቂያ ጠባይ በሙሉ ይገልጠዋል።

የብቅ ባዩ መስኮት አጀማመር

በኢንተርኔት ገጽ ላይ የሥዕል ማስታወቂያ መውጣት ሲጀምር ነገሩ ጨዋነት የነበረው ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት ካወጣቸው የመጀመሪያ ማስታወቂያዎች መካከል የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ይገኝበታል። ይህ ማስታወቂያ በገጹ አናት ላይ እንደ ሱቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ የሚታይ ነበር። ለማንበብ የወደደ ያነበዋል፤ ያልወደደም ዓይኑን መልሶ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። ማንንም መንገድ አልዘጋም።

መንገድ መዝጋት የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት ይገኝ የነበረው «ትራይፖድ» የተባለ ድርጅት፣ ሰዎች የግል ገጻቸውን ያለ ዋጋ እንዲያዘጋጁ እየፈቀደ በማስታወቂያ ገቢ ይተዳደር ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ለክብሩ በማይስማማ የግል ገጽ ላይ ታይቶ ስላገኘው እጅግ ተቈጣ። በድርጅቱ ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን አስቦ፣ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት የሚከፈትበትን ዘዴ ጻፈ። አሳቡ የነጋዴውን ስም ከማይገባ ጎረቤት ለመለየት ነበር። ዙከርማን በ2014 «ዘ አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ያን ጊዜ የነበራቸው አሳብ መልካም እንደ ነበረ ገልጦ ስለ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል። እንግዲህ የነጋዴውን ስም ለመጠበቅ የተፈጠረው ዘዴ፣ ውሎ አድሮ የነጋዴውን ስም የሚያስጠላ ሆኖ ተገኘ።

ጨዋታ አቅራቢዎች ስለ ምን በዚህ ዘዴ ተጠመዱ

ጨዋታ አቅራቢዎች ከሌሎቹ ይልቅ በብቅ ባይ ማስታወቂያ የተሳቡበት ምክንያት በሒሳቡ ውስጥ ይገኛል። በኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው አንድ ሺህ ጊዜ ለታየ ይህን ያህል ተብሎ ነው። ዜና የሚያነብ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ገጾችን ሲገልጥ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ይታየዋል። ጨዋታ የያዘ ሰው ግን ሰዓቱን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ገጹ የተከፈተው አንድ ጊዜ ስለሆነ ማስታወቂያውም የተቈጠረው አንድ ጊዜ ነው፤ ጨዋታውን የሚያስተናግደው መኪና ግን በየደቂቃው ወጪ ያስወጣል። በዚህ ምክንያት ባለገጹ በጨዋታው መካከል መስኮት እየከፈተ ቈጠራውን ለማብዛት ይፈተናል።

ፈተናው ምን ያህል አታላይ እንደ ሆነ በምሳሌ ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ገጽ በቀን 10,000 ተጫዋቾች አሉት፤ ማስታወቂያ አንድ ሺህ ጊዜ ሲታይም 2 ዶላር ይከፈለዋል እንበል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ማስታወቂያ ቢያሳይ የቀን ገቢው 20 ዶላር ነው። ለእያንዳንዱ አምስት ጊዜ መስኮት ቢከፍትበት ገቢው በአንድ ሌሊት 100 ዶላር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ከተጫዋቾቹ እኩሌታው ተማርሮ ቢሄድ እንኳ የቀሩት 5,000 ሰዎች 50 ዶላር ያስገኛሉ፤ ይህም ከመጀመሪያው 20 ዶላር ስለሚበልጥ ባለገጹ አተረፍሁ ብሎ ይደሰታል። ተጫዋቹ እየቀነሰ 1,000 ሲደርስ ግን ገቢው 10 ዶላር ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ መስኮቶቹን ሁሉ ቢያነሣ እንኳ የቀሩት ሰዎች 2 ዶላር ብቻ ስለሚያስገኙለት ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ለዘር ያስቀመጠውን እህል እየቈላ የሚበላ ገበሬ በበጋው ጠግቦ እንደሚያድርና በዘር ጊዜ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀር፣ ይህም ባለገጽ መዝገቡ ትርፍ ሲያሳየው ሳለ የሚበላው ደምበኛውን ነው።

በ2000 እና በ2001 የኢንተርኔት ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ በወደቀ ጊዜ የማስታወቂያ ዋጋም አብሮ ስለ ወደቀ፣ ይህ ፈተና እጅግ በረታ። ዋጋው ሲያንስ ብዙዎች ቍጥሩን በማብዛት ለማካካስ ሞከሩ። በዚሁ ጊዜ «ኤክስ ቴን» የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለትንንሽ ካሜራዎቹ ያወጣው ማስታወቂያ በልዩ ልዩ ገጾች ሥር ተሸሽጎ እየተከፈተ ስለ ታየ፣ በ2001 የኩባንያው ገጽ በአሜሪካ ብዙ ሰው ከሚጐበኛቸው ገጾች ተራ ተቈጠረ። ይሁን እንጂ መስኮቱ በራሱ የተከፈተበትን ሰው ጎብኚ ብሎ መቍጠር፣ በሱቅ ደጃፍ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ ገዢ ብሎ እንደ መቍጠር ነው። የኩባንያው ስም በብዙ ሰው ዘንድ ታወቀ፤ የታወቀው ግን በአሰልቺነቱ ጭምር ነበር።

ደምበኛው በሩን ዘጋ

ሰዎቹ ቅሬታቸውን በደብዳቤ ባይጽፉም በሌላ መንገድ መልስ ሰጡ። የኢንተርኔት ገጽ የሚከፈትባቸውን መሣሪያዎች፣ ማለት ብራውዘሮችን የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ያልተጠራ መስኮትን የሚያግድ መዝጊያ በመሣሪያዎቻቸው ላይ ጨመሩ። የኖርዌዩ «ኦፔራ» በዚህ ቀዳሚ ነበር፤ በ2002 «ሞዚላ» ተከተለ፤ በ2003 ጉግል ለብራውዘር ተጨማሪ ሆኖ በሚያገለግለው መሣሪያው ላይ ማገጃ አወጣ። በመጨረሻም ማይክሮሶፍት በኦገስት 2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ማሻሻያ ላይ ይህንኑ ማገጃ ስለ ጨመረ፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ይሠራበት የነበረው ብራውዘር ለብቅ ባዮች ዝግ ሆነ።

አንዳንድ አስተዋዮች ከዚህ በፊት ነቅተው ነበር። «አይቪሌጅ» የተባለው ለሴቶች የሚዘጋጅ የአሜሪካ ገጽ አንባቢዎቹን በጠየቀ ጊዜ፣ ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርራቸው ብቅ ባይ ማስታወቂያ መሆኑን ስለ ነገሩት፣ በ2002 ይህን ዓይነቱን ማስታወቂያ ከገጹ እንደሚያስወግድ አስታወቀ። የገንዘብ ችግር በጸናበት ጊዜ የተገኘን ገቢ መተው ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ከገቢው ይልቅ አንባቢዋን ማጣት የከፋ መሆኑ ታይቶት ነበር።

ማስታወቂያ ሠሪዎች ግን ከዚህ ትምህርት አልወሰዱም። አዲስ መስኮት መክፈት ሲከለከሉ፣ በዚያው ገጽ ውስጥ ጨዋታውን የሚሸፍን መጋረጃ መዘርጋት፣ ሳይታዘዝ የሚጮኽ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየትና ሰከንድ እያስቈጠሩ ማስጠበቅ ጀመሩ። ተጠቃሚውም የበለጠ ኀይል ያለው መዝጊያ ፈለገ። በ2006 የወጣው «አድብሎክ ፕላስ»ና የመሰሉት መሣሪያዎች ብቅ ባዩን ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያን በጠቅላላው ከገጹ የሚያስወግዱ ነበሩ። «ፔጅፌር» እና «አዶቢ» የተባሉት ኩባንያዎች በ2015 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 198 ሚሊዮን ሰዎች የማስታወቂያ ማገጃ ይጠቀሙ ነበር። በዘገባው ውስጥ ለጨዋታ አቅራቢዎች ልዩ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነገር ነበረ፤ ከጨዋታ ገጾች ጎብኚዎች መካከል ማስታወቂያን የሚያግዱት ከመቶ 26 ከግማሽ ያህል ሲሆኑ፣ ይህ ከሌሎቹ የገጽ ዓይነቶች ሁሉ የበለጠ ነበር።

በዚህ ነገር ከሁሉ የተጐዳው ምንም ያላጠፋው ነጋዴ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ማገጃ ያስገባ ሰው ደፋሩን ከጨዋው አይለይም። በገጹ ዳር በትሕትና የተቀመጠችው የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ፣ በጨዋታው ላይ ከተጋረጠችው ማስታወቂያ ጋር አብራ ትወገዳለች። በአንድ ገበያ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን በልብሱ እየጐተቱ ቢያስቸግሩ፣ ሰው በዚያ መንገድ ማለፉን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ሱቁን ጠርጎ ደምበኛውን በጸጥታ ይጠብቅ የነበረው ጎረቤትም አብሮ ገበያ ያጣል።

ሌላ መንገድ የተከተሉ

የማስታወቂያ ዋጋ በወደቀበት በዚያው ዘመን የተለየ መንገድ የመረጡ ጨዋታ አቅራቢዎችም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር አንድሩ ጋወር ከወንድሙ ጋር ሆኖ የሠራውና በ2001 የተከፈተው «ሩንስኬፕ» የተባለው ጨዋታ መጀመሪያ በማስታወቂያ ገቢ ይተዳደር ነበር። ገቢው ባልበቃ ጊዜ ባለቤቶቹ በተጫዋቹ ላይ መስኮት ከማብዛት ይልቅ፣ በፌብሩዋሪ 2002 በወር 5 ዶላር ለሚከፍል ሰው ሰፋ ያለ የጨዋታ ክፍል አዘጋጁ፤ ነጻው ክፍልም እንደ ነበረ ቀጠለ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ለመክፈል ተመዘገቡ። በአሜሪካም «ፖጎ» የተባለው የጨዋታ ገጽ በ2003 ያለ ማስታወቂያ ለመጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች በክፍያ የሚገቡበት ክበብ አቋቋመ። ደምበኛው ያለ ሁከት ለመጫወት ገንዘብ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ መገኘቱ፣ ሁከቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስረዳል።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ «ወርድል» የተባለው የቃላት ጨዋታ ይጠቀሳል። ጆሽ ዋርድል የተባለው ባለሙያ ይህን ጨዋታ ለሰው በገለጠ ጊዜ ማስታወቂያ አላኖረበትም፤ በቀን ከአንድ እንቈቅልሽ በላይም አይሰጥም ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 2021 የተጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በጃንዩዋሪ 2022 መጀመሪያ ላይ ግን በአንድ ቀን የተጫወቱት ከ300,000 በላይ ሆኑ። በዚያው ወር መጨረሻ «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በማያንስ ዋጋ ጨዋታውን ገዛው። ጨዋታው የተወደደው ማስታወቂያ ስላልነበረበት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ጋዜጣው የገዛው ጥቂት መስመር የኮምፒዩተር ጽሑፍ ሳይሆን፣ በየማለዳው በፈቃዱ የሚመለሰውን ሕዝብ ነው። በጨዋታ ንግድ ውስጥ ዋናው ዕቃ ይህ የሕዝብ ፈቃድ ነው።

በእጅ ስልክ ላይ የወጣው ደንብ

ጨዋታው ከኮምፒዩተር ወደ እጅ ስልክ ሲዛወር ችግሩም አብሮ ተዛወረ፤ መስተዋቱ ጠባብ በመሆኑም ባሰበት። በመጨረሻ ማስታወቂያ በመሸጥ የሚኖሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ራሳቸው ደንብ ለማውጣት ተገደዱ። በ2016 የተቋቋመው የተሻለ ማስታወቂያ ኅብረት በ2017 ከ25,000 የሚበልጡ ሰዎችን አስተያየት መሠረት አድርጎ፣ ሊታገሡ የማይቻሉ የማስታወቂያ ዓይነቶችን ለይቶ አስታወቀ፤ ብቅ ባዩ በእነዚህ ውስጥ አለበት። ጉግልም «ክሮም» በተባለው ብራውዘሩ አማካይነት ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018 ጀምሮ ደንቡን ደጋግመው በሚተላለፉ ገጾች ላይ ማስታወቂያዎችን ማገድ ጀመረ።

በፌብሩዋሪ 2020 ይኸው ኩባንያ በሚያውክ ማስታወቂያ ምክንያት 600 ያህል ፕሮግራሞችን ከመደብሩ አስወጣ። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ደግሞ፣ ተጫዋቹ ጨዋታ ሲጀምር ወይም በመጫወት ላይ ሳለ ሳይታሰብ መላውን መስተዋት የሚሸፍን ማስታወቂያ ተከለከለ፤ በሌላ ጊዜ የሚታየውም ቢሆን ከ15 ሰከንድ በኋላ መዘጋት የሚችል እንዲሆን ታዘዘ።

ከዚህ ደንብ ነጻ የሆነው ተጫዋቹ ራሱ ወዶ የሚያየው ማስታወቂያ ነው። ጨዋታው «ይህን ማስታወቂያ ብትመለከት አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጥሃል» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹም ይቀበላል ወይም ይተዋል። በዚህ ዓይነት ባለገጹ ይከፈለዋል፤ ነጋዴው በደኅና ዓይን ይታያል፤ ተጫዋቹም ለጊዜው ዋጋ ያገኛል። ይህ ከጥንት ጀምሮ ማናቸውም ነጋዴ የሚያውቀው የስምምነት ሽያጭ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ያለው ትምህርት

ይህ ጉዳይ የጨዋታ ገጽ ባለቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ ብዙ አስመጪዎችና ባለሱቆች ዕቃቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ያስተዋውቃሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በወኪል አማካይነት በልዩ ልዩ ገጾችና ጨዋታዎች ላይ ማስታወቂያ ይገዛሉ። ማስታወቂያው የሚደለደለው በኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ነጋዴው ስሙ በየትኛው ሰው ፊት፣ በምን ሰዓትና በምን ዓይነት አኳኋን ድቅን እንደሚል አያይም። የሚደርሰው ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ ሰው የኢንተርኔት አገልግሎት የሚገዛው በሜጋባይት እየተለካ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ሳይጠራ ሲከፈት፣ ተጫዋቹ በገንዘቡ ከገዛው ጥቅል ላይ ይቈረጣል። እንግዲህ ደምበኛው ጊዜውን መቀማቱ ሳይበቃ የማስታወቂያውን ማጓጓዣ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። ባለሱቅ የማስታወቂያ ወረቀት በግድ አስይዞ የወረቀቱን ዋጋ ቢጠይቅ ምን ዓይነት ስም እንደሚያተርፍ ለማንም ግልጽ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያ የሚገዛ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ማስታወቂያው በየትኞቹ ገጾችና ጨዋታዎች ላይ እንደሚወጣ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጡት ትልልቅ ኩባንያዎች ነጋዴው የማይፈልጋቸውን ቦታዎች ለይቶ እንዲያስቀር ስለሚፈቅዱለት በዚህ መብቱ መጠቀም አለበት። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ሥራ የያዘን ሰው የሚያቋርጥ መሆን አለመሆኑንና መዝጊያው በግልጽ የሚታይ መሆኑን ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንዲያየው እንደሚደረግ ነው፤ ማርም ሲበዛ ይመራልና። አራተኛ፣ ክፍያው በመታየት ነው ወይስ በመነካት የሚለው ነው። በመነካት ከሆነ፣ መዝጊያውን ሲፈልግ ጣቱ የሳተበት ሰው ሁሉ በነጋዴው ሒሳብ ላይ እንደ ደምበኛ ተቈጥሮ ይከፈልበታል። ብዙ ሰው ነክቶት አንድም ሰው ያልገዛበት ማስታወቂያ ከተገኘ፣ ነጋዴው የዚህ ዓይነት ዕዳ እየከፈለ መሆኑን ሊጠረጥር ይገባዋል።

በየከተማው በሚገኙ ሱቆች ግድግዳ ላይ «ደምበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ይህን ጽሑፍ በሱቁ ውስጥ የለጠፈ ነጋዴ፣ በማያየው ቦታ በስሙ የሚደረገውንም ማወቅ አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው ድካም ብዙ አይደለም፤ የማስታወቂያውን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ምሽት ስልኩን ይዞ ይቀመጥ፤ ማስታወቂያው ይወጣበታል የተባለውን ጨዋታ ይክፈት፤ የራሱ ሱቅ ስም በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚገናኘው በራሱ ዓይን ይመልከት። እርሱን ያስቈጣው ነገር ደምበኛውን ደስ ሊያሰኘው አይችልም።